ዋስ የሆኑት መምህር፦ አንድ ፊርማ፣ ሁለት እርቅ

ይሄ ጉዳይ እዚሁ ጎንደር የሆነ ነው። ባለጉዳዮቹ ለሌላ ሰው ትምህርት ከሆነ ይጻፍ ብለው ፈቅደዋል፣ ግን ስማቸውንም ሰፈራቸውንም የብድሩንም መጠን አልጽፍም፣ ጎንደር እንደምታውቋት ናት፣ አንድ ፍንጭ ከሰጠሁ ሌላውን ራሳችሁ ናችሁ ምትሞሉት። ስለዚህ አንደኛውን መምህሩ፣ ሁለተኛውን ልጁ እላለሁ፣ የመምህሩን ባለቤት ደግሞ እትዬ፣ ሁላችንም እንደዛ ስለሆነ ምንጠራቸው። እኔ የገባሁበት ሁለተኛው እርቅ ላይ ነው፣ ያውም ሽማግሌ ሆኜ ሳይሆን ጽሑፍ ያዥ ሆኜ፣ የፊተኛውን ከራሳቸው አፍ ነው የሰማሁት።

ልጁ ድሮ የመምህሩ ተማሪ ነበር፣ ጎረቤትም ነው፣ እናቱና እትዬ አንድ የማርያም ጽዋ ማኅበር ናቸው። ባጃጅ መግዣ ከአንድ አበዳሪ ተቋም ብድር ጠየቀና ደሞዝተኛ ዋስ አምጣ ተባለ። መምህሩን ያገኛቸው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው፣ የረፍት ደወል ተደውሎ ተማሪው እየተጋፋ በሚወጣበት ሰዓት። «መምህር፣ የርስዎ ፊርማ ብቻ ነው የቀረኝ፣ ዛሬ ካላስገባሁ ወረፋዬ ያልፋል» አላቸው። ቅጹን የዘበኛው ወንበር ላይ ዘረጋው፣ እስክሪብቶው አልጽፍ ስላለ መምህሩ መዳፋቸው ላይ ጫር ጫር አድርገው ሞከሩትና ልጁ እጁን ባሳረፈበት ቦታ ሁሉ ፈረሙ። ቅጹን አላነበቡም። ዛሬ ሲጠየቁ «እስክሪብቶውን ሞክሬያለሁ፣ ወረቀቱን ግን አልሞከርኩም» ይላሉ እየሳቁ፣ ያን ጊዜ ግን የሚሳቅ አልነበረም።

ለምን አላነበቡም ብትሉ መልሱ ይሉኝታ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ያሳደጉት ልጅ ፊታቸው ቆሞ ወረቀቱን ማንበብ አላምንህም እንደማለት መሰላቸው። እኛ ሀገር እኮ ስንት ቤት የፈረሰው በክፋት ሳይሆን በይሉኝታ ነው፣ ክፉ ሰውማ ቢያንስ አስቦበት ነው ሚሠራው።

አሁን ቅጹ ላይ የነበረውን ልንገራችሁ። «የአንድነትና የነጠላ ዋስ» ይላል። ይሄ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ትልቅ ልዩነት አለው፣ ተራ ዋስ የሆነ ሰው አበዳሪው ሲመጣበት መጀመሪያ የባለዕዳውን ንብረት ያዙ ብሎ መከራከር ይችላል፣ እንዲህ ብሎ የፈረመ ግን አበዳሪው ባለዕዳውን ዘሎ ቀጥታ እሱ ላይ መምጣት ይችላል፣ ከዋናው ተበዳሪ እኩል ነው ማለት ነው። ሌላም አለ፣ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ያገባ ሰው ከፍ ላለ ዕዳ ዋስ ሲሆን የባልና ሚስቱ ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። እትዬ ስለዚህ ፊርማ የሰሙት ግን ከአንድ ዓመት በኋላ ነው።

መጽሐፉም እኮ ዝም አላለም። ምሳሌ 6 ላይ ለባልንጀራው ዋስ የሆነ ሰው እንቅልፍ ሳይወስደው ሄዶ ራሱን ያስፈታ፣ ሚዳቋ ከአዳኝ እጅ እንደምታመልጠው ያምልጥ ይላል። ምሳሌ 22 ደግሞ መክፈያ ሳይኖርህ ዋስ ከሆንክ የተኛህበትን ምንጣፍ ከሥርህ ይወስዱብሃል ነው ሚለው። መምህሩ ይሄን ያውቃሉ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደጉ ሰው ናቸው። ጌታም በሉቃስ 14 ላይ ግንብ ሊሠራ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን አይቆጥርም ወይ ብሎ ጠይቋል፣ ፋሲል ግንብ ሥር ተወልደን አድገን ይሄን ጥቅስ አለመስማት ይከብዳል፣ አለመቁጠር ግን ቀላል ነው።

ወደ ልጁ ልምጣ። ልጁ ሌባ አይደለም፣ ይሄን አስቀድሜ ልበለው ምክንያቱም ሰፈሩ እንደዛ ብሎ ጨርሶት ነበር። የመጀመሪያዎቹን ወራት በሰዓቱ ከፍሏል። ችግሩ የመጣው በ2015 ጥምቀት ነው። የጥምቀት ሰሞን ጎንደር ላይ ባጃጅ ያለው ሰው እንደማይተኛ ታውቃላችሁ፣ እንግዳው ከየሀገሩ ይመጣል፣ ሰው ከፒያሳ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ፣ ከመዋኛው ወደ ሆቴሉ፣ ከአዘዞ ወደ ከተማ ሲመላለስ ነው ሚውለው ሚያድረው። ልጁ ከከተራ ጀምሮ ሳይተኛ ሠርቶ ጥር 11 ማታ ላይ ዓይኑ አልገለጥ አለው። ጓደኛው «አንተ ትንሽ ጋደም በል፣ እኔ ልሥራበትና እኩል እንካፈላለን» አለው። ጓደኛው መንጃ ፈቃድ የለውም። ልጁ ይሄን ያውቃል። ቁልፉን ሰጠው።

የአዘዞን መንገድ ይዞ ሲመጣ አይሱዙ ቀድማለሁ ብሎ ባጃጁ ተገለበጠ። አንዲት ተሳፋሪ እግሯ ተሰበረ፣ እግዚአብሔር ይመስገን የሞተ የለም። ኢንሹራንሱ ባጃጁን ሲነዳ የነበረው ሰው መንጃ ፈቃድ ስለሌለው ለጉዳቱ አልከፍልም አለ። ጓደኛው በሳምንቱ ከከተማ ጠፋ፣ መተማ ነው ተባለ። ልጁ የልጅቱን ማሳከሚያ እየተበደረ ከፈለ፣ ባጃጁ ጋራዥ ቆመ፣ የብድሩ ክፍያ ተቋረጠ። እዚህ ድረስ ያለውን ሰው ይረዳዋል። ከዚህ በኋላ ያደረገውን ግን ራሱም አይረዳውም፤ ለመምህሩ አልነገራቸውም። አስፓልት ላይ ሲያያቸው ይሻገራል፣ ቤታቸው በር ላይ ማለፍ ትቶ በላይ በኩል ዞሮ ነው ሚገባው፣ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲመጣለት አጣጥፎ ፍራሹ ሥር ያደርጋል።

መምህሩ ነገሩን ያወቁት ከፔሮል ነው። ደሞዛቸው ላይ የማያውቁት ተቆራጭ አዩ፣ ሒሳብ ክፍል ሲጠይቁ የዕዳው ደብዳቤ ወጣ። ከደሞዝ ከሲሶ በላይ አይቆረጥም ይባላል፣ ትንሽ ይመስላል እኮ ሲሰሙት፣ ግን ከመምህር ደሞዝ ላይ ሲሶ ሲነሳ ምን እንደሚተርፍ በዚህ ኑሮ እናንተው አስቡት። እትዬ ዕቁባቸውን አቋረጡ፣ ትልቋ ልጅ ከግል ትምህርት ቤት ወጣች። እትዬ ስለ ገንዘቡ ብዙም አልተናገሩም። ለመምህሩ ያሏቸው አንድ ነገር ነው፣ «ዶሮ ስትገዛ ምታማክረኝ ሰውዬ፣ ቤታችንን ስታሲዝ አላማከርከኝም»። ሕጉን ይዘው ሳልስማማ ነው የፈረመው ብለው መከራከር ይችሉ ነበር፣ የመከራቸውም ነበር። አልፈለጉም፣ «ያበደረው ሰውዬ ምን በደለን» አሉ።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ፣ ሁሉም ሰው እየመጣ ይቺን ይላቸው ነበር አሉ። እንዲህ ብሎ የሄደ ሰው ግን አንድም ብር አላዋጣም፣ ይሄም ይጻፍ።

የመጀመሪያው እርቅ የሆነው በዛው ዓመት ፍልሰታ ሊገባ ሲል ነው። መምህሩ ቆራቢ ናቸው፣ ቂም ይዘው እንዴት እንደሚጾሙ ጨነቃቸው፣ ሰፈሩም ጨነቀው። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፣ ልጁን እንደ ወጉ ድንጋይ አሸክመው ይዘውት መጡ፣ አንገቱ ላይ ድንጋዩን እንዳደረገ በሩ ላይ ተደፋ፣ መምህሩ ደንግጠው ብድግ ብለው አነሱት፣ ድንጋዩ ወረደ፣ ተሳሳሙ፣ አፉ ተባባሉ፣ ምርቃቱ ወረደ። ልጁ «እከፍላለሁ» አለ፣ ሽማግሌዎቹ «ገንዘብ ይመጣል ይሄዳል፣ ፍቅራችሁ ይበልጣል» አሉ። መቼ እንደሚከፍል፣ ከምን እንደሚከፍል፣ ስንት እንደቀረ የጠየቀ የለም፣ በእርቅ ላይ ብር ማንሳት ነውር ነዋ። እትዬ ያን ሁሉ ሰዓት ጓዳ ቡና እያፈሉ ነበር። እሳቸውን ይቅርታ የጠየቃቸው የለም፣ ቡናውን ግን ሦስተኛው ድረስ ጠጥተውት ሄዱ።

ከዛ ምን ሆነ፣ ከ2015 ክረምት ወዲህ ክልሉ ላይ የመጣውን ታውቃላችሁ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ እንግዳ ሲቀር፣ ባጃጅ ሲቆም። ልጁ አንድ ብር አልከፈለም፣ መጥቶም አልቻልኩም አላለም። ጥቅምት ላይ መምህሩ አንድ ሠርግ ላይ ልጁን በአዲስ ስልክ ፎቶ ሲነሳ አዩት። እዛው ሰው መሀል ጮኹበት፣ ሌባ አሉት፣ እናቱ ባለችበት። (ስልኩ ከአረብ ሀገር እህቱ የላከችለት እንደሆነ በኋላ ታወቀ፣ ግን ያን ጊዜ ማን ይጠይቃል።) አሁን ነገሩ ተገለበጠ፣ ሰፈሩ መምህሩን ወቀሰ። «ይቅር ብለው አልነበር እንዴ? ይቅርታ አፍራሽ!» ተባሉ። ተበዳዩ በዳይ ሆነው አረፉት፣ ከዛን ጊዜ ጀምሮ መቁረብም ተዉ፣ አስቀዳሽ ብቻ ሆኑ።

እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ አቋሜን ልናገር። መምህሩ ሰው መሀል መጮሃቸው ልክ አይደለም፣ ግን ይቅርታ አላፈረሱም ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ያን ጊዜ የፈረሰ እንጂ የተሠራ ነገር አልነበረም። የመጀመሪያው እርቅ ራሱ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ከተፈረመው ፊርማ አይለይም። ያው ጥድፊያ፣ ያው ይሉኝታ፣ ያው ወረቀቱን አለማየት። ሳያስቡ መፈረም እንዳለ ሁሉ ሳያስቡ ማስታረቅም አለ፣ እኛ ደግሞ ሁለተኛውን ጽድቅ ነው ብለን ስለምንጠራው የባሰ ነው።

ያኔ ሽማግሌዎቹ ለመምህሩ የጠቀሱላቸው ማቴዎስ 18ን ነበር፣ አሥር ሺህ መክሊት ዕዳ የተተወለት ባሪያ መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አንቆ ያሳሰረውን። ጥሩ ጥቅስ ነው፣ ግን ሒሳቡን እንየው። አንድ ዲናር በዛ ዘመን የአንድ ቀን ሠራተኛ ደሞዝ ነው፣ ማቴዎስ 20 ላይ የወይኑ ቦታ ሠራተኞች የተዋዋሉበት። መቶ ዲናር ማለት የመቶ ቀን ድካም ነው፣ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ጌታ ያቺን መቶ ዲናር ዜሮ አላላትም። ከአሥር ሺህ መክሊት አጠገብ አስቀመጣት እንጂ። ደግሞ ንጉሡ ዕዳውን ሲተው የተወው ከራሱ ካዝና ነው፣ ኪሳራው የሱ ነው። ዕዳ ሊምር የሚችለው ኪሳራውን የሚሸከመው ሰው ነው። ሽማግሌ ከመምህሩ ኪስ፣ ይልቁንም ከእትዬ ጓዳ አንስቶ ዕዳ መተው አይችልም። መምህሩና እትዬ ተስማምተው ይቅር ለእግዜር ብለው ቢተዉት መብታቸው ነው፣ ትልቅ ነገርም ነው፣ ትልቋን ልጃቸውን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ግን ሌላ ሰው «ፍቅር ይበልጣል» ሊላቸው አይገባም ነበር።

ኦሪት ዘኍልቍ 5 ላይም የበደለ ሰው ይናዘዝ ካለ በኋላ እዛው ዓረፍተ ነገር ላይ የወሰደውን ይመልስ፣ አምስተኛ እጅም ይጨምርበት ይላል፣ ለበደለው ሰው። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል ማንም ገንዘብ ነውር ነው አላለውም። ዳዊት እንኳ በናታን አፍ ኃጢአቱ ተወግዶለት ሞት ከቀረለት በኋላ ያመጣው መዘዝ ቤቱ ውስጥ ቀርቷል፣ እስከ አቤሴሎም ድረስ።

ሁለተኛው እርቅ የመጣው በ2016 ዐቢይ ጾም ነው፣ በመምህሩ የንስሐ አባት። አባ ሽማግሌ ነን ብለው ከሚሯሯጡት ዓይነት አይደሉም፣ እንዲያውም ለመቀመጥ እምቢ ብለው ብዙ ቆይተዋል። ወረቀቱ ሁሉ ይምጣ አሉ፣ እትዬ ጓዳ ሳይሆን መድረኩ ላይ ይቀመጡ አሉ፣ ልጁ ደግሞ በወር ስንት እንደሚችል ጽፎ ይምጣ አሉ፣ ሰው ሳይጠይቀው የሚችለውን እንጂ የሚያስመሰግነውን አይጻፍ ብለው። ይሄ እስኪሟላ ሳምንታት አለፉ፣ ሰፈሩ አባን ገንዘብ ወዳድ ብሎ አማቸው።

ዕለቱን እንደማስታውሰው ልጁ ድንጋዩን ተሸክሞ ነበር የመጣው፣ ያንኑ የፊተኛውን ይመስለኛል። አባ በሩ ላይ «አውርደው ልጄ፣ እሱን ባለፈው ተሸክመኸዋል» አሉትና መስቀል አሳለሙት። ከዛ ፍራሹ ሥር የነበሩት ማስጠንቀቂያዎች፣ የመምህሩ የደሞዝ ተቆራጭ ዝርዝር፣ የጋራዡ ደረሰኝ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ፣ እኔ እየደመርኩ ጻፍኩ። መምህሩ እስካሁን የከፈሉት ሲደመር ልጁ ፊቱ ጠቆረ፣ ድምሩን ሰምቶት አያውቅም ነበር። ይሄ ነው የፊተኛው እርቅ የጎደለው፣ ልጁ ይቅርታ የጠየቀበትን ነገር ልክ አያውቀውም ነበር፣ የማያውቁትን ነገር ደግሞ ይቅርታ ቢጠይቁት ከንፈር ነው።

እትዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት፣ «ለምን ተደበቅከኝ? እኔ ምን አደርግህ ነበር?» ልጁ ረጅም ጊዜ ዝም አለና «እትዬ፣ እርስዎ አይቆጡም፣ ያ ነው የፈራሁት» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ቀጥሎ ማንም ያልጠበቀው ሆነ፣ መምህሩ ተነስተው ለእትዬ ወደቁ፣ እግራቸው ላይ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ዓይናቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፣ ባል ለሚስቱ እንዲህ ሲሆን ማየት አልለመዱማ። አባ ብቻ ናቸው ደስ ያላቸው የሚመስሉት።

አባ ያን ዕለት ብዙ አልተናገሩም፣ የተናገሩትን ግን ይዤዋለሁ። መምህሩን «ዋስ በመሆንህ አትፈር» አሏቸው፣ «ዕብራውያን 7 ላይ ጌታም ለሚሻል ኪዳን ዋስ ሆኗል ይላል። ልዩነታችሁ እሱ የፈረመውን ያውቅ ነበር፣ በጌቴሴማኒ አንብቦ፣ ላብ እስኪያልበው አንብቦ ነው የፈረመው»። ለልጁ ደግሞ የፊልሞናን መልእክት አነበቡለት፣ ጳውሎስ ስለ ኦኔሲሞስ «ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ቁጠረው፣ እኔ እከፍላለሁ» ብሎ በገዛ እጁ የጻፈበትን። «አየህ፣ ጳውሎስ ሲያስታርቅ ዕዳውን አልደበቀም፣ ጻፈው» አሉት።

ውሳኔው ይሄ ነው። ባጃጁ እንዳለ ተሸጦ ገንዘቡ ብድሩ ላይ ይገባል፣ መምህሩ የከፈሉትን ልጁ በየወሩ ይመልሳል፣ ዋስ ሆኖ የከፈለ ሰው ከባለዕዳው የመጠየቅ መብት በሕጉም አለው፣ እነሱ ግን ፍርድ ቤት ሳይሄዱ በዚህ ተስማሙ። ክፍያው በቴሌብር ነው፣ ወደ መምህሩ ስልክ ሳይሆን ወደ እትዬ ስልክ፣ ይሄን ያሉት መምህሩ ራሳቸው ናቸው። ያልቻለ ወር ከመድረሱ በፊት መጥቶ ይናገራል፣ በመልእክት ሳይሆን በእግሩ። ሌባ የተባለው ነገር ደግሞ የተባለው ሰው መሀል ስለሆነ መምህሩ ይቅርታውን ሰው መሀል፣ በጽዋው ማኅበር ፊት እናቱን ይጠይቃሉ ተባለ፣ ጠየቁም። እትዬ «ይቅር ብያለሁ፣ ግን ነገ ቤቴ ቡና እንድንጠጣ አትጠብቁኝ፣ ገና ነኝ» አሉ፣ ሽማግሌዎቹ ሊጫኗቸው ሲሉ አባ ከለከሉ።

ልጁ አሁን በሰው ባጃጅ ተቀጥሮ ነው ሚሠራው። ያልከፈለባቸው ወራት አሉ፣ መጥቶ ግን ተናግሯል። መምህሩ በዛው ዓመት ፋሲካ ቆረቡ። እትዬ ከልጁ እናት ጋር ቡና የጠጡት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው፣ ማንም ሳይጠራቸው ሄደው።

ያላለቀው የጓደኝየው ነገር ነው። በቅርቡ ከመተማ በኩል ደውሎ እናቴ ታማለች ልመጣ ነው ብሏል። ልጁ መጀመሪያ ያለው «ከመጣ አሳስረዋለሁ» ነው። ይሄን ለመምህሩ ሲነግራቸው መምህሩ አልተቆጡም፣ አልመከሩም፣ «ከሱ ሚገባህ ስንት ነው፣ ጽፈኸዋል?» ብቻ አሉት። አልጻፈውም ነበር። አሁን የማሳከሚያውንና የጋራዡን ደረሰኝ እየሰበሰበ ነው፣ ቁልፉን የሰጠው እሱ ራሱ ስለሆነ ከኪሳራው ስንት እጁ የሱ ነው የሚለው ላይ ግን ከአባ ጋር ገና አልተስማሙም። አባ ግማሹ ይላሉ፣ ልጁ ሲሶ ይላል።